የኦይቫ ዳገትና የሂልካ ሚስማሮች

ሃፓቫራ በምትባለው የሰሜን ፊንላንድ መንደር በበረዶ ወራት ማለዳ የሞተር ድምፅ ከተሰማ ሂልካ ሌይኖነን ናት ማለት ነው። ሌላ ሰው ሊሆን አይችልም፤ በረዶ የሚጠርግ ሌላ ትራክተር መንደሩ ውስጥ የለም። ትራክተሯ ትንሽ ናት፣ ከደህና ላም ብዙም አትበልጥም። ቀይ ቀለሟ በየጥጉ ተልጧል፤ መቀመጫዋ ላይ የሟቹ ባሏ የአውሊስ የበግ ቆዳ ካፖርት ታጥፎ ተነጥፏል። ሂልካም ትንሽ ናት። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ሲሆን ሰላሳ አንዱን ያሳለፈችው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ድንች ስትልጥ ነው። ጡረታ ስትወጣ “አሁንስ ምን ልትሠሪ ነው?” ብለው ቢጠይቋት፣ “ድንች የሌለበትን ማንኛውንም ነገር” ብላ መለሰች ይባላል።

አውሊስ የዛሬ ሃያ ዓመት ልቡ ቀጥ ብላበት ሲሞት ሁለት ነገር ትቶላት ሄደ፤ ትራክተሯንና ሳውና የሚሉት የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት የማይገጥም በር። በሩ የማይገጥመው አውሊስ ሁሉን ነገር በዓይኑ ይለካ ስለነበር ነው። ደግ ሰው ነበር፣ ሥራ አይጠላም፤ ሜትር ግን ይጠላል። ሂልካ በዚህ ስትስቅበት ኖራ እሷም ያው እንደሱ መሆኗን ያወቀችው ዘንድሮ ነው።

በበረዶ ወራት የአሥራ አንድ ቤት ደጅ ትጠርጋለች። ማንም ጥረጊልኝ ብሏት አያውቅም፤ እሷም ልጥረግላችሁ ብላ አታውቅም። በዚያ መንደር ውለታ የሚጠየቅ ነገር አይደለም፤ ምስጋናም ከአፍ አይወጣም፣ የበር እጀታ ላይ ይንጠለጠላል። በጎ የዋለልህ ሰው ቤት በሌለበት ሰዓት ትሄድና አሣ ወይም የጫካ ፍሬ ማርማላታ በከረጢት አንጠልጥለህለት ትመለሳለህ። ከማን እንደሆነ አይጻፍበትም፤ ሁሉም ያውቃል። ሳውና ውስጥ እርቃናቸውን ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያልባቸው ሰዎች “አመሰግናለሁ” ለማለት ያፍራሉ።

ከአሥራ አንዱ ቤት አንዱ የኦይቫ ኬምፓይነን ነው። ኦይቫ አናጢ ነበር፤ አሁን ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ቤቱም ዳገት ጫፍ ላይ ለብቻው ቆሟል። ሚስቱ ማርታ በሕይወት ሳለች እግሯን ጭቃ እንዳይነካት ብሎ ደጁን በሙሉ በገዛ እጁ በጠረበው ድንጋይ አነጠፈላት። እሷ ከሞተች በኋላም በየበጋው ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በብሩሽ ያጥባቸዋል። ሁለቱ ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ስለዚህ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ታክሲ ከደጁ እያነሳው ከተማ ሄዶ የኩላሊት እጥበት ያደርጋል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጉልበቱ አልቆ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ይመለሳል።

ዘንድሮ ጥር ላይ ማንም ያላሰበው ዝናብ መጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ዘነበና ብርዱ ተመልሶ ከዜሮ በታች ሃያ ገባ፤ የኦይቫ ዳገት ከላይ እስከ ታች ጠርሙስ ሆነ። ማክሰኞ ጠዋት የሂልካ ትራክተር ጠጠር ጭና ግማሽ መንገድ ወጣች። ኩርባው ላይ ስትደርስ ጎማዎቿ በቆሙበት መሽከርከር ጀመሩ፤ ከዚያም ከነነጂዋ ወደ ኋላ ተንሸራታ ታች ካለው የበረዶ ክምር ላይ ተቀመጠች። ታክሲውም አልወጣም። ኦይቫ የመንገዱን ጠርዝ ይዞ፣ ጥድ በጥድ እየተደገፈ በእግሩ ወረደ፤ ሆስፒታል የደረሰውም አንድ ሰዓት ዘግይቶ ነው። ሲመለስ ታክሲ ነጂው ደግፎት ዳገቱን በግድ ወጣ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የማዘጋጃ ቤቷ ነርስ ደወለችለት። ኦይቫ ጆሮው ስለደከመ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ነው የሚያወራው። ሂልካ ትኩስ ዳቦ በር እጀታው ላይ ልታንጠለጥል በእግሯ ወጥታ ኖሮ ንግግሩን እንዳለ ሰማችው።

“ክፉ አድርገው አይዩብኝ” አለች ነርሷ። “ታክሲው አንድ ጊዜ ደግሞ ደጅዎ መድረስ ካቃተው እስከ ፀደይ ከተማ ያለው የአረጋውያን መጦሪያ እናስገባዎታለን። አልጋ ይዤልዎታለሁ። ክፍሉ ሞቃት ነው፤ መስኮትም አለው።”

“መስኮቱ ወዴት ያያል?”

“ወደ መኪና ማቆሚያው።”

“እሺ” አለና ዘጋው። ቀና ሲል ሂልካን በሩ ላይ አያት። “እስከ ፀደይ ተብሎ ከተማ የገባ ሽማግሌ በፀደይ ሲመለስ አይቼ አላውቅም” አላት። ስለ አየሩ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

ሂልካ ቤቷ ተመልሳ ራቷን ፊቷ አስቀምጣ ሳትነካው ቀረች። እሷ ለኦይቫ ያለባት ነገር ዳቦ የሚሸፍነው አልነበረም። አውሊስ በሞተ በመጀመሪያው ክረምት ትራክተር መንዳት አታውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ከአልጋ መነሳትም አታውቅም ነበር። በረዶ በጣለ ቁጥር ገና ሳይነጋ አንድ ሞተር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዳገቱን ይወርድና ደጇን ጠርጎ ይሄዳል። ኦይቫ ነበር፤ ያኔ እሱም ትራክተር ነበረው። ሂልካ እንቅልፍ ስለሌላት መብራት አብርታ ተቀምጣ ታድራለች፤ ሞተሩ በር ሲደርስ ግን መብራቷን ታጠፋና ብርድ ልብሷን እስከ አፍንጫዋ ትስባለች። ነቅታ እንደሆነ ካወቀ ያፍራል፤ እሷም ወጥታ አንድ ነገር ማለት ይኖርባታል። እንዲህ ሁለት ክረምት አለፈ። በሦስተኛው ራሷ የአውሊስን ትራክተር አስነስታ ወጣች፤ የኦይቫም ሞተር መምጣቱን ተወ። ስለዚያ ነገር እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

እና ያ ሰው አሁን መኪና ማቆሚያ እያየ ሊሞት ነው፤ እሷ አንድ ዳገት መውጣት ስላቃታት።

ረቡዕ ጠዋት ራይሞ ሱቅ ሄደች። ራይሞ ቀለም፣ ገመድ፣ ቱቦና የአሣ መንጠቆ ይሸጣል፤ የጎማ ነገርም ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሂልካ መንገዱን ሁሉ ስታሰላስል ነው የመጣችው። ጎማ ላይ የሚጠመጠም ሰንሰለት ለዳገት ጥሩ ነው። ግን ዳገቱ የሚያልቀው የማርታ ድንጋዮች ላይ ነው፤ ሰንሰለት ደግሞ በሁለት ቀን ፈረካክሶ ይጥላቸዋል። ሚስማሩ ከፋብሪካ የተተከለለት ጎማ ቢታዘዝ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። የቀረው በራሷ ጎማ ላይ እንደ ቪት እየተጠመዘዘ የሚገባው፣ ጫፉ ጠንካራው የበረዶ ሚስማር ነው።

“ሚስማር” አለችው።

“ለጎማ?”

“ለጎማ።”

ራይሞ አራት ካርቶን ባንኮኒው ላይ ደረደረ። በአንደኛው ያለው ከጥፍር አይበልጥም፤ በመጨረሻው ያለው የትንሽ ጣት ግማሽ ያህላል። ሂልካ አንዱን አንስታ አንዱን ስታስቀምጥ ቆየች። ምን ያህል ጥርስ ለቀረው ጎማ የትኛው እንደሚሆን አንድ ጥያቄ ብትጠይቀው በቂ ነበር። መጠየቅ ግን እርዳኝ ማለት ነው፤ እርዳኝ ደግሞ በዚያ መንደር ከባድ ቃል ነው። የረዘመው ይበልጥ ይነክሳል ብላ ቆረጠች።

“ረጅሙን።”

ራይሞ አፉን ከፈተ። ያችን ትራክተር ያውቃታል፤ ጎማዋ መሐሉ እንዳለቀም ያውቃል። ነገር ግን ያልጠየቀን ትልቅ ሰው መምከር አንተ አታውቅም እንደማለት ነው። አፉን መልሶ ዘጋ።

“ረጅሙን?”

“ረጅሙን።”

ቆጥሮ ሰጣት። ሁለት ጎልማሶች፣ ምላስ ያላቸው፣ እንዲህ ተፋጠው አንዱም ሳይተነፍስ ተለያዩ። እንደ ልጅ ጆሯቸውን ይዞ የሚያጋጫቸው ሰው መጥፋቱ ነው የሚያሳዝነው።

ሂልካ ቀኑን ሙሉ ጋራዧ ውስጥ ተንበርክካ ለያንዳንዱ የኋላ ጎማ ስልሳ ስልሳ ሚስማር ጠመዘዘች። መሐለኛው ጥርስ ሳሳ ያለ መስሏት ነበር፤ ጎንበስ ብላ በዓይኗ ለካችውና “ይበቃል” አለች። ሊመሽ ሲል ግቢዋ ውስጥ ያለውን ግግር በረዶ ሞከረችበት። ትራክተሯ ምንጣፍ ላይ ጥፍሯን እንደሰካች ድመት ቀጥ ብላ ቆመች። ሂልካ መሪውን መታ መታ አደረገችና አውሊስን ልክ አጠገቧ እንዳለ ሰው “አየህ?” አለችው።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ዳገቱን ጀመረች። በእርግጥም ሚስማሮቹ ይዘዋል። ማክሰኞ ያንሸራተታትን ቦታ አለፈች፤ ኩርባው ላይ ግን ትራክተሯ ወደ ግራ ዘመም አለች። ወርዳ ብታይ ጎማው በረጅሙ ይተነፍሳል። የሚስማሮቹ ጫፍ ባለቀው መሐለኛ ጥርስ በኩል ወደ ውስጥ ዘልቆ፣ ትናንት ሜዳ ላይ ዝም ያለው ቀዳዳ ዛሬ ዳገትና የጠጠር ጭነት ሲመጣበት አፉን ከፍቷል። ትራክተሯ እዚያው መንገድ ዘግታ ቆመች። ታች የታክሲው መብራት ብቅ አለ። ሂልካ ዳር ዳሩን በእግሯ ወደ ላይ ወጣች።

ኦይቫ ካፖርቱን ለብሶ፣ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

“ጎማው ተነፈሰ” አለችው።

“ሁለቱም?”

“ግራው። ቀኙም እየጀመረው ነው።”

“ምን ያህል ርዝመት ነው የከተትሽበት?”

በጣቷ አሳየችው።

“ጥርሱንስ በምን ለካሽው?”

ሂልካ ዓይኗን ነካ አደረገች። ኦይቫ በአገጩ ወደ እሷ ሳውና አቅጣጫ ጠቆመ። “አውሊስ አልሞተም ማለት ነው” አላት።

በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን ግን ዓይኗ እንባ አቀረረና ፊቷን አዞረች። ኦይቫ አይቶ እንዳላየ ተነሳና ግድግዳው ላይ የተደገፈችውን ፖትኩሪ ጎትቶ አወጣት። ፊት ለፊቷ የእንጨት ወንበር ያላት፣ በሁለት ቀጫጭን ብረት ላይ የምትንሸራተት፣ ከኋላ ቆመው በእግር የሚገፏት ነገር ናት። ለትራክተር እንቢ ያለ ግግር በረዶ ለእሷ ሠርጓ ነው። ኦይቫ ቦርሳውን አቅፎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

“ኦይቫ፣ ዕብደት ነው።”

“ስንት ዓመቴ ነው?”

“ሰማንያ አንድ።”

“ታዲያ ለማን ብዬ ልጠንቀቅ? ግፊ።”

ገፋች። መጀመሪያ ተረከዟን በረዶው ላይ እየጎተተች ነበር፤ “እግርሽን አንሺ፣ ትገለብጭናለሽ” አላት። አነሳችው። ከዚያ በኋላ ዳገቱ ራሱ ወሰዳቸው። ትራክተሯን አንድ ክንድ ታህል ርቀት ላይ አለፏት። ነፋሱ የሂልካን ኮፍያ ወሰደው። ከፊቷ የሚመጣውን ድምፅ መጀመሪያ ልቅሶ መስሏት ደነገጠች፤ ለካ ኦይቫ እየሳቀ ነው። ከማርታ ቀብር ወዲህ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም።

ታክሲ ነጂው ያርሞ መኪናው አጠገብ አፉን ከፍቶ ቆሟል። የጉዞ መመዝገቢያ ወረቀቱን አውጥቶ ኦይቫን አየ፣ ፖትኩሪዋን አየ፣ ዳገቱን አየ።

“መቼም ከደጅህ ነው የተነሳኸው” አለ።

“ከየት ልነሳ ኖሯል?”

“ከደጁ ተነስቷል ብዬ እጽፋለሁ። መልሱን ግን ስማኝ፤ ከዚያ የእጥበት ማሽን ላይ ተነስተህ ዳገት በእግርህ አትወጣም። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መንገዱ ካልተከፈተ ወደዚያ አልጋ ነው የምወስድህ።”

ኦይቫ መኪናው ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን አሰረ፤ በመስኮቱ ግን ሂልካን ሳይሆን የራሱን ጣሪያ ነበር የሚያየው። ታክሲው ሄደ።

ሂልካ ስልኳን አወጣች። ጣቷ በብርዱ ደንዝዟል፤ ከጣቷ ይልቅ ምላሷ ነበር የከበዳት። ራይሞ ሲያነሳው ሰላምታም ሳትሰጥ “እርዳኝ” አለችው።

“መጣሁ” አለ ራይሞ። ምን ሆነሽ ነው ብሎ እንኳን አልጠየቀም።

ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ከመኪናው ክሪክ፣ መፍቻ፣ የንፋስ መሙያ፣ የጎማ ቀዳዳ መድፈኛ ውታፍና አንድ ካርቶን አጭር ሚስማር አወረደ። ሂልካ ካርቶኑን አየች።

“ይሄን ሁሉ መቼ ጫንከው?”

“ትናንት ማታ።”

“ታውቅ ነበር?”

ራይሞ ክሪኩን ትራክተሯ ሥር እያስገባ አንገቱን ደፋ። “ረጅሙን ስታነሺ አውቄያለሁ። እንቅልፍ አልወሰደኝም።”

“ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?”

“አልጠየቅሽኝማ።”

ሂልካ ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ቁጣው ግን አልመጣም፤ የተናገረው እውነት ነው። “አልጠየቅኩህም” አለች። “አሁን ጠይቄሃለሁ። አስተምረኝ።”

እዚያው ዳገቱ መሐል ተንበርክከው ረጃጅሞቹን ሚስማሮች አንድ ሳያስቀሩ ነቀሉ። ዘጠኙ ጎማውን አልፈው ነበር፤ ዘጠኙን ቀዳዳ ወተፉ። ከዚያ ራይሞ የክብሪት እንጨት አወጣና በጎማው ጥርሶች መሐል ወዳለው ቦይ አስገብቶ በጥፍሩ ምልክት አደረገበት። መሐል ላይ ጥርሱ ከክብሪቱ ሩብ አይበልጥም፤ ዳርና ዳር ግን ግማሽ ክብሪት ጎማ አለ።

“የሚስማሩ ቪት ሁልጊዜ ከዚህ ምልክት ማጠር አለበት” አላት። “መሐሉን ተይው፣ አልቋል። ዳርና ዳሩን ብቻ፣ አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ እያደረግሽ። የሚነክሰው ርዝመቱ አይደለም፤ ከላይ የሚቀረው ጫፉ ነው። እሱ ደግሞ በአጭሩም በረጅሙም አንድ ነው።”

አንዴ የተጠየቀ ራይሞ ከዚያ በኋላ የሚቆም ሰው አልሆነም። ስለ ሚስማሩ ሲጨርስ ስለ ሞተር ዘይቷ ቀጠለ፤ ከዘይቱ ወደ በረዶ መጥረጊያዋ ስለት፣ ከዚያ ወደ ሳውናው በር ተሻገረ፤ ለሃያ ዓመት ያጠራቀመው ምክር ነው። ሂልካ አንዱንም አላቋረጠችውም። ጉልበቷ ረጥቦ፣ ጣቶቿ ደምተው፣ ሱቁን ለእሷ ሲል የዘጋውን ይህን ሰው እያየች ልቧ በምስጋና ሞላ፤ ስንት ዓመት በነፃ የቆመ እጅ ሳልጠይቅ ኖርኩ ብላ ገረማት።

ሲጨርሱ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ሂልካ ኩርባውን ዞረች፤ ጎማው ያዘ። ጫፍ ድረስ ጠጠሯን በትና ወረደች፤ ደግማም ጭና በተነች፤ ታች የቀረችውንም ፖትኩሪ ኦይቫ በር ላይ መለሰች። ያርሞ በሰዓቱ ሲመጣ ፀሐይ ከጥዶቹ በታች ወርዳ በረዶው ሰማያዊ መስሏል። ከታክሲው ፊት ፊት ሆና መራችው። ኩርባው ላይ ዞር ብላ ስታይ የታክሲው መብራት ትንሽ ተንገዳገደ፣ ቀጥ አለ፣ መውጣቱን ቀጠለ። ጫፍ ላይ ከድንጋዮቹ አንድ እርምጃ መለስ ብላ ቆመች። ታክሲው አልፏት በሩ ድረስ ገባ።

ኦይቫ ያርሞን ተደግፎ ወረደ። ፊቱ ነጭ ነው። በጫማው ጫፍ በረዶውን ገፋ አድርጎ ከሥሩ ያለውን ድንጋይ አየና ራሱን ነቀነቀ። በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ።

“የት ነዎት?” አለች ነርሷ።

“ቤቴ።”

“ታክሲው ደረሰ?”

“ሞተሩ አይሰማሽም?”

“ይሰማኛል” አለች። ድምፅዋ ውስጥ ደስታ ነበር። “በቃ አልጋውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።”

በማግስቱ ጠዋት የሂልካ በር እጀታ ላይ ትንሽ ከረጢት ተንጠልጥላ ነበር፤ ለእጥበት በማይሄድበት ቀን ኦይቫ በፖትኩሪው ወርዶ ኖሯል። ውስጧ ከበርች እንጨት የተጠረበች፣ ጣት የምታህል የጎማ ጥርስ መለኪያ አለች። ሁለት መስመር ተቀርጾባታል፤ አንዱ ሚስማሩ የሚደርስበት፣ አንዱ የማያልፈው። ዳሯ እንደ ብርጭቆ ለስልሷል። ሂልካ መዳፏ ላይ አድርጋ አገላበጠቻት። እንደ መንደሩ ወግ ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር፤ ሌላ ቀን እሷ ዳቦ ታንጠለጥላለች፣ ሌላ ቀን እሱ አሣ ያንጠለጥላል፣ እንዲህ ሲባባሉ አንዳቸው ይሞታል።

አሣ በሆዱ የያዘ የአጃ ዳቦ ጋገረች። ዳገቱን ወጣች፤ እጀታውን አልፋ በሩን አንኳኳች። ኦይቫ ከፍቶ ዳቦውን ሲያይ ግራ ገባው።

“ለምኑ ነው?”

“ለእነዚያ ሁለት ክረምቶች” አለች ሂልካ። ዳቦውን በሁለት እጇ ዘረጋችለት። “አመሰግናለሁ፣ ኦይቫ።”

ኦይቫ ዳቦውን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። “ሃያ ዓመት ፈጀብሽ” አለ።

“አልጠየቅከኝማ።”

ሁለቱም ሳቁ። ሂልካ ወንበር ስባ ተቀመጠች። “ያኔ ተኝታለች ብለህ ነበር አይደል? አንድ ቀን እንኳን ተኝቼ አላውቅም። ስትመጣ ሁልጊዜ ነቅቼ ነበር።”

“አውቃለሁ” አለ ኦይቫ። ቢላዋ አንስቶ ዳቦውን በቀስታ መቁረስ ጀመረ። “ዳገቱን ስወርድ መስኮትሽ በርቶ አየዋለሁ። በርሽ ስደርስ ይጠፋል። በረዶ ባልጣለበት ቀንም በእግሬ የምወርደው እሱን ለማየት ነበር። ኮቴዬን ሰምተሽ ስታጠፊው፣ ዛሬም አለች ብዬ ቤቴ እገባለሁ።”